ስጋ ከድስቱ ሲወጣ ምን አብሮት ይወጣል?

እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ምግብ ነው። ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት፣ ግን ሰው በልቶ «ጨምሩልኝ» የሚለው ምግብ።

ቪጋን የሚሆን፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሁሉ የሚተው ሰው፣ የራሱ ምክንያት አለው። አንዱ ለእንስሳት አዝኖ ነው። ሌላው ሐኪም መክሮት ነው። ሌላው ደግሞ የምድሪቱ ነገር አሳስቦት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ከ38,000 በላይ እርሻዎችን የቃኘ ጥናት ወጥቶ ነበር። የበሬ ስጋ በአየር ንብረት ላይ የሚያሳድረው ጫና ከአተርና ከባቄላ ጋር ጨርሶ እንደማይወዳደር አሳይቷል። የእናንተ ምክንያት የትኛውም ቢሆን አከብረዋለሁ። ግን ምክንያት የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ምግቡ ካልጣፈጠ አይዘልቅም። የሚያቋርጠው ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ቀይሮ አይደለም። እራቱ አላስደስት ብሎት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ክርክሩን ትተን ወደ ድስቱ የምንገባው።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሰውየው ለዓመታት ሲሠራው የኖረውን ምግብ ይይዛል። ስጋውን ያወጣል። የቀረውን እንደ ድሮው ያበስለዋል። ሲቀምሰው ውሃ ውሃ ይለዋል። ቅመም ይጨምራል፤ አሁንም የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ጨው ይጨምራል፤ ጨው ጨው ይላል እንጂ አይሞላም። በመጨረሻ «የአትክልት ምግብ እንግዲህ እንዲህ ነው» ብሎ ይተወዋል። በጭራሽ እንዲህ አይደለም! ስጋው ድስቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራ ነበር። ሲወጣ ሥራውን ሁሉ ይዞ ወጣ። በቦታው ደግሞ የተተካ የለም።

ሥራዎቹን እስቲ እንያቸው። ስጋ ይላመጣል፤ ጥርስ የሚይዘው ነገር አለው። መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል፤ ያ ቅርፊት የራሱ ሽታና ጣዕም አለው። መረቁ ምላስ ላይ ይቆያል። ቅባትም አለው። አንድ ተክል ብቻውን እነዚህን አራቱንም አይችላቸውም። ለእያንዳንዱ ሥራ ግን ጎበዝ የሆነ ነገር አለ። እኔ የምላችሁ ይህንኑ ነው፦ ስጋን በአንድ ነገር ለመተካት አትድከሙ። ሥራውን ከፋፍላችሁ አከፋፍሉት።

ከቡናማው ቅርፊት ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ምግብ ሲጠበስ ቡናማ የሚሆንበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ፕሮቲንና ስኳር ሙቀት ሲያገኛቸው ይዋሃዱና እጅግ ብዙ አዳዲስ የሽታና የጣዕም ቅንጣቶች ይፈጥራሉ። የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና፣ የተጠበሰ ስጋ ሽታ ከዚህ ይመጣል። ይህ ነገር በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ነው። ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ የምትጠብሱት ነገር ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ብዙም አያልፍም። በመጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

አሁን ቶፉን አስቡት። አኩሪ አተር ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ይጠለልና ወተቱ ይወጣል። ወተቱ ላይ ካልሲየም ሰልፌት ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ይረጋል። የረጋው በጨርቅ ውስጥ ይጨመቃል። ቻይናውያን ይህን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምረው ይሠሩታል። ጠንካራ የሚባለው ቶፉ እንኳ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ጀማሪው ይህን ሳያስብ ከማሸጊያው አውጥቶ፣ ቆራርጦ፣ ቀጥታ ዘይት ላይ ይጥለዋል። ዘይቱ ይንጣጣል፤ ቶፉው እንደነጣ ይቀራል፤ ሲያገላብጡት ይሰባበራል። ከዚያ ስሙ ይጠፋል፤ «ቶፉ ጣዕም የለውም» ይባላል።

በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከላዩ ከባድ ድስት ጫኑበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨርቁን ስታነሱት ርሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ቆራርጡት፣ ላዩን አድርቁት፣ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሱበት። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ቁርጥራጮቹን አራርቃችሁ ደርድሩ። አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ነገር ይመጣል፦ አትንኩት። ቅርፊት ሲይዝ ራሱ መጥበሻውን ይለቃል። ሳይለቅ በግድ ካነሳችሁት ቅርፊቱ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሶይ ሶሱ፣ ያ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ ፈሳሽ፣ መጨረሻ ላይ ይግባ። ቀድሞ ከገባ ያርሰዋል፤ ስኳር ካለበት ደግሞ ያርራል።

ቶፉን የሚላመጥ ለማድረግ ሌላም መላ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ቶፉውን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ስታወጡት ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ አትደንግጡ። በረዶው ሲቀልጥ ነጭነቱ ይመለሳል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። የበረዶ ቅንጣቶቹ ፕሮቲኑን ወደ ጎን ይገፉትና ሲቀልጡ ቦታቸው ክፍት ይቀራል። በሁለት መዳፋችሁ ስትጨምቁት ውሃው እንደ ስፖንጅ ይወርዳል፤ ቶፉው ግን አይፈርስም። አሁን ሶይ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ኮምጣጤ ያለበት ነገር ውስጥ ብትከቱት እስከ መሃሉ ይጠጣዋል። በእጅ ቀደድ ቀደድ አድርጉት እንጂ በቢላ አትቁረጡት። የተቀደደው ሸካራ ጎን ቅርፊት የበለጠ ይይዛል። ጃፓኖች በረዶ አድርገው ካደረቁት ቶፉ ኮያ-ዶፉ የሚባል ምግብ ይሠራሉ፤ ዘዴው ያው ነው። ለስላሳው ቶፉ ግን ለዚህ አይሆንም። እሱን ለሶስና ለጣፋጭ ነገር አስቀምጡት።

እንጉዳይም በዚያው ሕግ ነው የሚሄደው። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። መጥበሻው ላይ ከከመራችሁት በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ዘርዘር አድርጉት፣ ውሃው ወጥቶ እስኪተን ጠብቁ፣ ከዚያ ዘይትና ጨው ጨምሩ።

ወደ ማላመጡ እንሂድ። እዚህ ላይ ሴይታንን የሚያህል አላገኘሁም። ሴይታን የስንዴ ግሉተን ነው፤ ዳቦ ሊጥ ሲሳብ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ፕሮቲን። ቻይና ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት ስጋ በማይበላባቸው ገዳማት ለብዙ መቶ ዓመታት በስጋ ቦታ ሲሠሩበት ኖረዋል። ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልጋችሁ ዱቄት፣ ውሃና ጊዜ ነው። ጠንካራ ሊጥ አቡኩና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፉት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በውሃ እያሻችሁ እጠቡት። ውሃው ወዲያው ይነጣል፤ የሚወጣው ስታርቹ ነው። ድፉት፣ ሌላ ውሃ ጨምሩ፣ ደግማችሁ እሹት። መሃል ላይ ሊጡ የሚበታተን ይመስላል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አትጣሉት፤ ሰብስባችሁ ማሸቱን ቀጥሉ። ውሃው እየጠራ ሲሄድ እጃችሁ ላይ ግራጫማ፣ የሚለጠጥ፣ ሲስቡት ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር ይቀራል። እሱ ነው። ማጠቡ የሚያደክማችሁ ከሆነ የግሉተን ዱቄት ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ከውሃና ከቅመም ጋር ማቡካት ብቻ ነው።

አበሳሰሉ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሴይታን የሚበስለው በመረቅ ውስጥ፣ በዝግታ እሳት ነው። መረቁ ከተንተከተከ ውስጡ አየር ይይዝና ያብጣል፤ ስትበሉት ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል እንጂ አይላመጥም። ቀስ ብሎ ፈላ ፈላ እያለ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። መረቁ ውስጥ ሶይ ሶስ፣ ሽንኩርት፣ ደረቅ እንጉዳይ ይግባበት፤ ሴይታን በራሱ ብዙ ጣዕም የለውም። በዚያው መረቅ ውስጥ ቀዝቅዞ ቢያድር ደግሞ በማግስቱ ይጠነክራል፣ ለመቆራረጥም ይመቻል። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግን ወደዚህ አይጠጋ። ሙሉ በሙሉ ግሉተን ነው።

ሶያ ስጋ እየተባለ የሚሸጠው ደረቅ ፍርፋሪም አለ። ዘይቱ ከወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት የተሠራ ነው። ዱቄቱ በሙቀትና በግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ፕሮቲኑ ክር ክር ይሠራል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ደረቅ ስለሆነም ለረጅም ጊዜ አይበላሽም። የተፈጨ ስጋ በሚገባበት ሁሉ ይገባል። ሰዎች የሚያበላሹት ሜዳ ውሃ ውስጥ በመንከር ነው። ደረቅ ነገር መጀመሪያ የጠጣውን ይዞ ይቀራል። በትኩስ መረቅ አርሱት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጨምቁት፣ ከዚያ በዘይት ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። መጥበሱን አትዝለሉት።

ቴምፔ የኢንዶኔዥያ ነው። የተቀቀለ አኩሪ አተር ላይ የሚበላ ሻጋታ ይዘራበትና በ30 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ነጩ ሻጋታ ፍሬዎቹን አያይዞ ጠፍጣፋ ብሎኬት ያደርጋቸዋል። ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ብታዩበት ሻጋታው ዘር ማፍራት ጀምሯል ማለት ነው፤ ችግር የለውም። ሮዝ ቀለም ወይም መጥፎ ሽታ ካለው ግን ጣሉት። መረር ካላችሁ ከመጥበሳችሁ በፊት 10 ደቂቃ በእንፋሎት አብስሉት።

ጃክፍሩት ስለሚባለው ትልቅ የሞቃት አገር ፍሬም ብዙ ይወራል። ያልበሰለው ፍሬ ሲቀቀል እንደ ተቀደደ ስጋ ክር ክር ይሆናል፤ እሱ እውነት ነው። ግን በ100 ግራም 2 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ሥራውን ለማላመጥ ብቻ ስጡትና አጠገቡ ምስር ወይም ሽምብራ አስቀምጡ።

አሁን ምላስ ላይ ወደሚቆየው ጣዕም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት የባሕር አረም መረቅ ለምን እንደሚጣፍጥ መረመረ። ከአረሙ ውስጥ ግሉታሜት አወጣ፤ ጣዕሙንም ኡማሚ አለው። ስጋ ውስጥ ያለው ያ የሚሞላ ጣዕም ከዚሁ ወገን ነው። ደስ የሚለው ነገር ተክሎችም በብዛት አላቸው። የበሰለ ቲማቲም፣ ሶይ ሶስ፣ የባሕር አረም ግሉታሜት አላቸው። ደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ ደግሞ ጓኒሌት የሚባል ነገር አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ ድምር ብቻ አይሆንም፤ በእጥፍ ይጨምራል።

ከዚህ የምትወስዱት ለቤታችሁ ቀላል ነገር ነው። ደረቅ እንጉዳይ ፍጩና በጠርሙስ አስቀምጡ። ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል። የቲማቲም ድልሁን ውሃ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ላይ ጣሉት። ደማቁ ቀይ ወደ ጡብ ቀለም እስኪሄድ፣ ዘይቱም እስኪለይ አማስሉት። ከዚያ አንድ ማንኪያ የእንጉዳይ ዱቄትና ጥቂት ሶይ ሶስ። ምስሩ ወይም ባቄላው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሽታው ብቻ ይነግራችኋል።

ቅባቱን ብዙዎች ይረሱታል። ምስርና ባቄላ ቅባት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በዘይት አትሰስቱ። ብዙ የሽታ ቅንጣቶች የሚሟሙት በቅባት ውስጥ ነው። ታሂና (የተፈጨ ሰሊጥ)፣ የለውዝ ቅቤ፣ ተዘፍዝፎ የተፈጨ የካሽው ለውዝ ሶስን ያወፍራሉ። በርገር ለምትሠሩ አንድ መላ ልንገራችሁ። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ አካባቢ በታች ይረጋል። ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሩት፣ ፍቁት፣ ፍርፋሪውን በርገሩ ውስጥ ቀላቅሉ። መጥበሻ ላይ ሲቀልጥ ውስጡን ያረጥበዋል።

በርገር ካነሳሁ አይቀር፣ የባቄላ በርገር ሊጥ ሊጥ የሚለው ባቄላው ውሃ ስለያዘ ነው። የተቀቀለውን ባቄላ ከመደፍጠጣችሁ በፊት ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል አድርቁት፤ ላዩ ስንጥቅጥቅ ይበል። ለማያያዝ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት። አንድ እንቁላል ይተካል። የሽምብራ መቀቀያ ውሃም አይደፋ። ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይሠራል።

በፋብሪካ ስለሚሠራው በርገር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ኢምፖሲብል በርገር የደም የመሰለ ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያገኘው ሌግሄሞግሎቢን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በአኩሪ አተር ሥር ላይ ይገኛል፤ ኩባንያው የሚያመርተው ግን በእርሾ ነው። በብዙዎቹ በርገሮች ውስጥ ሜቲልሴሉሎስ የሚባል ማያያዣም አለ። ሲሞቅ ይጠነክራል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል። ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው፤ በርገሩ መጥበሻ ላይ የማይፈርሰውም ለዚህ ነው። እነዚህን ምግቦች አልጠላቸውም። ስጋ ሲናፍቀው ሊያቋርጥ ለተቃረበ ሰው ትልቅ እገዛ ናቸው። ግን የየዕለት ምግብ አታድርጓቸው። ብዙዎቹ ጨው ይበዛባቸዋል። በኮኮናት ዘይት የተሠሩት ደግሞ የረጋ ቅባታቸው ቀላል አይደለም። ማሸጊያውንም አንብቡ፤ ስጋ የለውም የተባለ ሁሉ ቪጋን አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ከፈንገስ እየተሠራ የሚሸጠው ኩዎርን በአብዛኞቹ ምርቶቹ ውስጥ እንቁላል ነጭ ሲጠቀም የኖረ ነው። ቪጋን የሆኑትን ያወጣው ዘግይቶ ነው።

አሁን ሁለት ነገር በጥብቅ ልናገር። የመጀመሪያው ስለ ቀይ ቦሎቄ ነው። ጥሬው ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ለ30 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀጥላል። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን አትክተቱ። ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል። ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ አሲድ መለስለሱን ያዘገያል።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም። ተክል ቢ12 በአስተማማኝ ሁኔታ አይሰጥም። ስፒሩሊና የሚባለው በዱቄት የሚሸጥ የውሃ አረምም አይሰጥም፤ በአብዛኛው ያለው ሰውነት የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ሰውነት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚይዝ እጥረቱ ቶሎ አይታወቅም። ሲታወቅ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ እንክብሉን ውሰዱ፣ ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ በቋሚነት ብሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ወይም ትንሽ ልጅ የምትመግቡ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ፕሮቲን ግን ሰው የሚፈራውን ያህል አያስቸግርም። ለጤናማ አዋቂ የሚመከረው በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም ይበቃዋል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ይሰጣል፤ ቴምፔ 19 ግራም ገደማ። ስንዴ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ምስርና ባቄላ ሞልቷቸዋል። በአንድ ማዕድ ባይገናኙ እንኳ በቀኑ ውስጥ ሁለቱንም መብላት ይበቃል። ብረት ለማግኘት ደግሞ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት።

ከመጀመሬ በፊት አንዲት እህት «ቤት ውስጥ ቪጋን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ» ብላኝ ነበር። እህቴ፣ አንድ ድስት ጣጂ። ቤተሰቡ የሚወደውን፣ አንቺም ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሠሪውን አንድ ምግብ ምረጪ። የተፈጨ ስጋ የሚገባበት ቢሆን ይሻላል። ሶያውን በመረቅ አርሰሽ፣ ጨምቀሽ፣ ለብቻው ጥበሺው። ድልሁን አጥቁሪው፣ የእንጉዳይ ዱቄቱን ጨምሪ፣ ዘይቱን አትቀንሺ። ከዚያ ሶያውን መልሺው። ስትቀምሺው አንድ ነገር የጎደለው ከመሰለሽ ጨው ከመጨመርሽ በፊት ጥቂት ሎሚ ሞክሪ። ቀዝቅዞ ይደርና በማግስቱ አሙቀሽ አቅርቢው፤ ሶያው መረቁን ጠጥቶ ስለሚያድር ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል።